ጠዋት ጠዋት የሚዘለው መኪና

ሰኞ 3

ዛሬም ዘለለ። ከግቢ ወጥቼ ወደ ዋናው መንገድ ስታጠፍ ነዳጅ ሰጠሁት፤ ዝም። ጨመርኩለት፤ አሁንም ዝም። ከዚያ ገመዱ እንደተበጠሰ ወጠጤ ተስፈንጥሮ ወጣ። ከኋላ የተቀመጠችው የልጅ ልጄ በደስታ ጮኸች። ፌንጣ የምንላት አንድ ቦታ ስለማትረጋ ነው፤ አሁን ደግሞ መኪናውን ወንድሜ ብላዋለች። ነገሩ ባልከፋ ነበር፤ ዛሬ ግን እናቷም አብራን ነበረች። ልጄ ከፊት ወንበር ላይ ሆና የበሩን እጀታ እንደጨበጠች ትምህርት ቤት ደረስን።

ፌንጣ ወርዳ ከሄደች በኋላ "አባዬ፣ መኪናው አይደለም፣ እግርህ ነው" አለችኝ።

እግሬ! ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዳኛ ነበርኩ። የሌባውንም የነፍሰ ገዳዩንም ቃል ሳልሰማ ፈርጄ አላውቅም። የገዛ ልጄ ግን እግሬን ሳትሰማ ፈረደችበት። መኪናው ከነአዲስነቱ የተገዛ ነው፣ ዋስትናው ገና አላለቀም፣ ጥፋቱም የራሱ ነው። ይህንን አስረዳለሁ።

ማክሰኞ 4፣ በችኮላ

ልጄ ደወለች። ከዛሬ ጀምሮ ፌንጣን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት አባቷ ነው። "ለጊዜው ነው፣ አባዬ።" ለጊዜው የሚባለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ እኔም ስንቱን ለጊዜው ብዬ አግጃለሁ። በተለመደው ሰዓት ለባብሼ፣ ቁልፌን ይዤ ቁጭ። ባለቤቴ ሻይ ቀዳችልኝ።

ሐሙስ 6

መኪናውን ወደሸጠልን ድርጅት ጋራዥ ወሰድኩት። ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ተዘጋጅቶ ነው የሚቀርበው። አጠብኩት፣ ጎማውን አስነፋሁ፣ ሞተሩንም አባቴ እንዳስተማረኝ አስነስቼ በደንብ እስኪሞቅ ጠበቅሁት። ከዚያም በረጅሙ መንገድ ዞሬ ሄድኩ።

ጋራዡ ውስጥ ደንበኛ የሚቀበለውን ሰውዬ በልቤ "ከረባቱ" ብዬዋለሁ፤ በር ሲከፍት አስቀድሞ የሚገባው ከረባቱ ነው። መካኒኩ መኪናውን ይዞ ወጣ፣ ዞረ፣ ተመለሰ።

"አባት፣ አነሳሱ ቅቤ ነው" አለኝ።

"ኮምፒውተሩም ላይ ምንም የተመዘገበ ብልሽት የለም" አለ ከረባቱ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንዳንዴ ዕድሜ ገፋ ሲል እግር ይከብዳል። የእኔም አባት እንደዚሁ…"

የአባቱን ጤንነት ጠይቄ ወጣሁ።

ቅዳሜ 8፣ ማታ

ችሎት ተቀምጦብኝ ነበር። ልጄ ከሳሽ፣ አማቼ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ ምስክር፣ ባለቤቴ ታዛቢ። ፌንጣ ተከሳሹ ጭን ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች።

"አባዬ፣ አንተን ማሳነሴ አይደለም። ግን ያ መኪና እግረኛ ማቋረጫ ላይ ቢዘልስ?"

"መኪና ከዘለለ ጥፋቱ የመኪናው ነው።"

"ጋራዡ ምንም የለውም ብሏል እኮ። መኪናው ደህና ከሆነ ማን ቀረ?"

በመጨረሻ ተስማማን። እስከ ወሩ መጨረሻ ጥፋቱ የመኪናው መሆኑን ካላስረዳሁ ቁልፉን አስረክባለሁ፤ ካስረዳሁ ፌንጣ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። ዋስትናውም የሚያበቃው በዚያው ሰሞን ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማንም አይጠብቀኝም፤ ጠዋት ጠዋት ግን አንዲት ልጅ ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ይህንን ለልጄ አልነገርኳትም።

ሁሉም ሲሄዱ ባለቤቴ "ዓይንህንስ ብትታይ?" አለችኝ። ዓይኔን! ባለፈው የጤና ምርመራ ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፊደል በጠዋት ሄጄ እስከ መጨረሻዋ መስመር አንብቤላቸዋለሁ። "ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ አለ" አልኳት።

"አውቃለሁ። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ" አለች።

ሰኞ 10

ማምሻውን መኪናውን ወደ ኋላ ሳስገባ የጎረቤቴን ትልቅ የአበባ ማሰሮ ነካሁና ሰነጠቅሁት። ማሰሮውን ሰው አንቀሳቅሶታል። እዚያ ቦታ ላይ ማሰሮ አይቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው። ጎረቤቴ ጨዋ ሰው ነው፤ "ምንም አይደል፣ ጋሼ" ብሎ በሙጫ ማጣበቅ ጀመረ። ቦታውን ለምን እንደቀየረው ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ደግሞ የዘንድሮ መኪኖች መብራት ሕግ ሊወጣለት ይገባል። ከፊት ሲመጡ እያንዳንዱ መብራት ዙሪያውን ፀጉር አብቅሎ ነው የሚመጣው። የመንገዱም መብራት ደክሟል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አቤቱታ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ 11

የግቢያችን ጥበቃ ለውሃ ቆጣሪ አንባቢው ሲነግረው ሰማሁ፦ "ዳኛው እኮ መኪናውን እያስደነበሩት ነው።" ሁለቱም ሳቁ። እኔም በመስኮት ሆኜ ለራሴ ሳቅሁ። ከዚያ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ረቡዕ 12፣ ማታ

ባለቤቴ አገኘችው! ዕድሜዋን በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ያሳለፈች ሴት ናት፤ የጠፋ ነገር ስትፈልግ እንደኔ መሳቢያ አታንኳኳም፣ ቁጭ ትላለች። ኮምፒውተሯ ላይ የመኪናውን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ጻፈች፤ "ሲነሳ ይዘገያል፣ ከዚያ ይዘላል" ብላ ጨመረችበት። ምሽቱን ሙሉ ስታነብ ቆይታ "ዳኛው፣ ና እስኪ" አለችኝ። ስትቆጣም ስታቆላምጥም የምትጠራኝ እንዲሁ ነው።

መነጽሬ ቆሽሾ ስለነበር እሷ አነበበችልኝ። "የቴክኒክ አገልግሎት መግለጫ" ይባላል። አንድ ዓይነት ብልሽት በብዙ መኪኖች ላይ ሲደጋገም ፋብሪካው ለጋራዦቹ የሚበትነው ጽሑፍ ነው፤ ምልክቱን፣ ብልሽቱ የሚታይበትን ሁኔታ፣ የትኞቹን መኪኖች እንደሚመለከትና መፍትሔውን ይናገራል። አደጋ ያመጣልና መኪናችሁን መልሱ ተብሎ ለሕዝብ እንደሚታወጀው ጥሪ አይደለም። ለባለመኪናው ማንም አይደውልለትም። የጠየቀ ያገኛል፤ ያልጠየቀ "እግርህ ነው" ይባላል።

የኛው እንዲህ ይላል፦ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይዘገያል፣ ከዚያ በድንገት ይፈናጠራል። ምክንያቱ፣ ዘይቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ካምቢዮውን የሚያዝዘው ኮምፒውተር ይሳሳታል። መፍትሔው፣ የኮምፒውተሩን ሶፍትዌር ማደስና የካምቢዮውን ዘይት በአዲሱ ዓይነት መቀየር።

"እግር የሚል ቃል አለበት?" አልኳት።

"የለበትም።"

"ደግመሽ እዪው።"

"ዳኛው፣ የለበትም አልኩህ እኮ!"

ተነስቼ ክፍሉን ዞርኩት። ከተሾምኩበት ቀን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ 13

መግለጫው ሁሉንም መኪና አይመለከትም፤ ከዚህ የሻንሲ ቁጥር እስከዚህ የሻንሲ ቁጥር ይላል። ትናንት ማታውኑ በእጅ ባትሪ ወርጄ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ቁጥር ገልብጬ መጣሁ። ከተባለው ውጭ ሆነ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እኔ ያለኝ ማስረጃ ሌላ መኪና ላይ የሚሠራ ማስረጃ ሆነብኝ።

ያው ቀን፣ ጠዋቱ ሲነጋጋ

ባለቤቴ ወርዳ ራሷ አየችው። ስምንቱን ሦስት ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ያውም ሁለት ቦታ። ለካ መስታወቱ አቧራ ነበረበት። ባለፈው ሳምንት ያጠብኩት መስታወት እንዴት እንዲህ ቶሎ እንደቆሸሸ እንጃ። ዋናው ነገር፣ መኪናችን ከተባሉት ውስጥ ነው!

ዓርብ 14

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ዛሬ ሁለቱንም ሆኜ ጋራዡ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥሪ አይደለም። የግድ የሚሠራ ነገር አይደለም" አለ ከረባቱ፣ መግለጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ።

"ጥሪ አለመሆኑን አውቃለሁ። በዚህ መሠረት መርምሩልኝ ነው ያልኩህ። ብልሽቱን ካገኛችሁት ዋስትናው ይሸፍነዋል፣ ካላገኛችሁት እሄዳለሁ።"

"ባለፈው አይተነው ምንም…"

"እንግዲያው የዛሬውን ቅሬታዬን ከመግለጫው ቁጥር ጋር መዝግብልኝ። ቀኑንም ጻፍ። ነገ ከነገ ወዲያ ዋስትናው አለፈ ብትሉኝ፣ ሳያልፍ አቤት ማለቴ ይታወቅልኝ።"

ጻፈ። ዳኛ የነበርኩ መሆኔን አልነገርኩትም፤ ሳይነግሩት የገባው ይመስለኛል።

መካኒኩ መጥቶ ወረቀቱን ቆሞ አነበበና ቀና አለ። "አባት፣ ያን ቀን ሲያመጡልን ሞተሩ ሞቆ ነበር?"

"እንዴታ! እኔ ሞተር ሳላሞቅ የምነሳው ጠዋት ፌንጣ ጫማዋ ጠፍቷት ስንዘገይ ብቻ ነው፤ ጫማዋ ደግሞ በየጠዋቱ ይጠፋል።"

መካኒኩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "በሽተኛውን አድነው እኮ ነው ያመጡልን! ይሄ 'ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ' ነው የሚለው። ሰኞ ያምጡትና እዚህ ይደር። ማክሰኞ በጠዋት፣ ማንም ሳይነካው፣ አብረን እንነሳ።"

ባለቤቴ ያቺን መስመር አንብባልኝ ነበር። እኔ እግር የሚል ቃል ስፈልግ አለፈችኝ። ይህን ያህል ተጠንቅቄ፣ አጥቤ፣ አሙቄ፣ የገዛ ማስረጃዬን በገዛ እጄ አጠፋሁት። ተከሳሽ ችሎት ሲቀርብ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ሱፍ ለብሶ የሚመጣው ለምን እንደሆነ የማላውቅ ይመስል!

እሑድ 16

ባይዘልስ? ከጠዋት ጀምሮ ይህችን ብቻ ነው የማስባት። ልጄ ደውላ ስለ ሌላ ስለ ሌላው አወራች። ፌንጣ ስልኩን ቀምታ "አባባ፣ ወንድሜ ታመመ?" አለችኝ። "ሐኪም ቤት ሊያድር ነው" አልኳት። "አንተም አብረህ ታድራለህ?" እኔስ ባድር ደስ ባለኝ።

ማክሰኞ 18

ዘለለ!

ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። መካኒኩ መሪው ላይ፣ እኔ ከጎኑ። ከረባቱን "ምስክር ያስፈልጋል" ብዬ ከኋላ አስቀመጥኩት። ከጋራዡ በር ስንወጣ መካኒኩ ነዳጅ ሰጠ፤ መኪናው ዝም። ጨመረ፤ ዝም። ከዚያ ያ የለመድኩት ወጠጤ ገመዱን በጠሰ። የከረባቱ ከረባት ትከሻው ላይ ተሰቀለ።

"አቤት!" አለ ከኋላ።

"የማን እግር ነው?" የምትለዋን ጥያቄ ቤት ደርሼ ለባለቤቴ እስክነግራት ጥርሴን ነክሼ ያዝኳት። ስነግራት አብራኝ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ግን ትክ ብላ አየችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ዓርብ 21፣ ማታ

ተሠራ። ሶፍትዌሩም ታደሰ፣ ዘይቱም ተቀየረ፣ ሁሉም በዋስትናው ተሸፈነ። የሥራ ወረቀቱ ላይ የመግለጫው ቁጥር ሰፍሯል። ለልጄ ደውዬ በስልክ አነበብኩላት፤ ማለቴ፣ ባለቤቴ አነበበችላት፣ እኔ ስልኩን ያዝኩ።

ልጄ "አባዬ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አለች። አንጀቴን በላችው። "ሰኞ ልጅቷን በጊዜ አምጫት" አልኩ።

ሰኞ 24

ፌንጣ ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ጠበቀች። መኪናው እንደ ውሃ ፈሰሰ።

"አባባ፣ ለምን አዳንከው?" አለችኝ አኩርፋ።

እስከ ትምህርት ቤቱ በር አላናገረችኝም። በዘመኔ እንዲህ የሚያስደስት ቅሬታ ቀርቦልኝ አያውቅም። ጥበቃው ስመለስ ሰላምታ ሰጠኝ፤ እኔም መስታወቱን ዝቅ አድርጌ እንደ ሹም እጄን አወጣሁለት።

ረቡዕ 26፣ ማታ

ከባለቤቴ ጋር እህቷን ጠይቀን ማምሻውን ተመለስን። መኪናው በጣም ጥሩ ነው። ፍሬኑም ጥሩ ነው።

ልተኛ።

ሐሙስ 27

ዛሬ ፌንጣን አልወሰድኳትም። አማቼ ጋ ደውዬ ራሴን አሞኛል አልኩት። ውሸት ነው። ሲዋሹ ድምፃቸው የሚቀጥን ሰዎች ብዙ ሰምቻለሁ፤ የእኔም ቀጠነ።

ትናንት ያልጻፍኩትን ልጻፍ። ፀሐይ ገብታ መብራት ገና ሲበራ፣ እግረኛ ማቋረጫው ጋ ባለቤቴ "ቁም!" ብላ ጮኸች። በትዳራችን ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ቆምኩ። መኪናው በታዘዘው መሠረት ቆመ፤ አልዘገየም፣ አልዘለለም። ከፊት ከሚመጣው መብራት ውስጥ አንዲት ሴት ወጣች፣ የፌንጣን የምታህል ልጅ በእጇ ይዛ። በመኪናው አፍንጫ ሥር አለፉ። ሴትየዋ አንገቷን ሰበር አድርጋ አመሰገነችኝ። እኔ ግን አላየኋትም ነበር።

ባለቤቴ፣ ቤት ደርሰን መኪናውን ካቆምኩ በኋላ፣ "እስከ ዛሬ ቀስ በል፣ ሰው አለ እያልኩ ላንተም ጭምር እያየሁልህ ኖሬያለሁ። ትናንሽ ነገር ስለነበረ ችዬው ነበር፤ ይሄን ግን አልችለውም" አለችኝ።

መኪናው ነፃ ወጥቷል። ነፃ ያወጣሁት እኔው ነኝ፣ በበቂ ማስረጃ። ልጄ "መኪናው ደህና ከሆነ ማን ቀረ?" ብላ ነበር። እንግዲህ የቀረው አንድ ሰው ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ጠዋቱን ሙሉ ፈርቼ አረፈድኩ። ከሰዓት በኋላ ግን ፍርሃቱ ሰለቸኝና ብዕር አነሳሁ። ለብረት የተደረገ ለሥጋ አይነፈግም።

መግለጫ። የሚመለከተው፦ የድሮ ሞዴል ዳኛ፤ የተሠራው አንድ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ማሰሮ ይገጫል። ስምንትን ሦስት ያነባል። መብራት ሁሉ ፀጉር ያበቅልበታል። ሰው አያይም።

ሁኔታ፦ ማምሻውን፣ ይልቁንም ከፊት መብራት ሲመታው። ጠዋት ላይ ስለማይታይ በጠዋት የመረመረው ሁሉ "ቅቤ ነው" ይላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሲጠየቅ መነጽሩን፣ አቧራውን ወይም ጎረቤቱን ይከሳል፤ አትመኑት።

መፍትሔ፦ ገና አልታወቀም። ሳይሞቅ ይመርመር።

ዓርብ 28፣ ማታ

በማለዳ ዓይን ሐኪም ቤት ደወልኩ። "ጠዋት ክፍት ቦታ አለን" አለች ስልክ የምታነሳው ልጅ።

"ጠዋት ሞቄ ነው የምመጣው፣ ልጄ። የዛሬውን የመጨረሻ ተራ ስጪኝ።"

ያበድኩ ሳይመስላት አልቀረም፤ ግን ሰጠችኝ። ሐኪሟ መግለጫዬን ሁለት ጊዜ አንብባ ሳቀች፤ ከዚያ መብራቷን ዓይኔ ውስጥ አስገብታ ሳቋን አቆመች።

"የዓይን ሞራ ነው። ሁለቱም ላይ አለ፣ ቀኙ ይብሳል።"

"ባለፈው ግን ፊደሉን በሙሉ አንብቤያለሁ።"

"ያኔ ያነበቡት ጥሩ ብርሃን ባለበት ክፍል ነው። ማታ መብራት ሲመታዎት ምን እንደሚሆኑ ማንም አልጠየቀዎትም፣ እርስዎም አልተናገሩም። እንዲህ ጽፎልኝ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።"

"መፍትሔውስ?"

"የጨለመውን ሌንስ አውጥተን አዲስ እናስገባለን።"

"ዕቃ መቀየር ነዋ!"

"አዎ፣ ዕቃ መቀየር ነው። እስከዚያ ግን መሪ አይነኩም።"

ስንወጣ የባለቤቴን ክንድ ያዝኩ። እሷ ነበረች የነዳችው፤ ቀስ ብላ፣ እንደምታነበው።

እሑድ 30

የቀጠሮው ቀን። ልጄ ኬክ ይዛ መጣች፤ የመጣችው ክሷን ልታነሳ ነው። ገና ሳትቀመጥ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።

"አባዬ፣ አንተ እኮ ነህ የረታኸው!"

"አዎ፣ ረትቼ ነው የማስረክብሽ። ተረትቼ አይደለም፤ ይመዝገብልኝ።"

መግለጫዬን ሰጠኋት። መጀመሪያ ሳቀች፣ "ሰው አያይም" የሚለው ጋ ስትደርስ አለቀሰች። እኔም ላለማልቀስ ኬኩን ቆረስኩ።

"አባባ፣ አንተም ዋስትና አለህ?" አለችኝ ፌንጣ።

"አለው" አለች ባለቤቴ ከወጥ ቤት። "እኔ ነኝ።"

ሰኞ 1

ልጄ መሪው ላይ፣ እኔ ከጎኗ፣ ፌንጣ ከኋላ። ልጄ ስትነዳ ታንገጫግጫለች። እግሯ ነው። ነገርኳት።

ሐሙስ 11፣ ማምሻውን

ቀኝ ዓይኔ ተሠራ፣ ሽፋኑም ተነሳ። ባለቤቴን ረዥም ሰዓት አየኋት፤ "ምን ሆነህ ነው?" አለችኝ። የሹራቧ ቀለም አረንጓዴ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ግራጫ ነው ብዬ እንደምከራከራት አስታወሰችኝ።

መብራት እስኪበራ ጠብቄ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ግራ ዓይኔን ስከድን የመንገዱ መብራቶች ፀጉራቸውን ተላጭተው በየቦታቸው ቆሙ፤ አንድም የደከመ የለም። ከዚያ ወደ ግቢው አየሁ። የጎረቤቴ ማሰሮ ቀይ ነው። የሙጫው መስመር እንኳ ይታያል። ከሥሩ ሲሚንቶው ላይ የብዙ ዓመት ውሃ የሠራው ክብ ምልክት አለ፤ ማሰሮው የተቀመጠው ልክ ክቡ ላይ ነው።

ማንም አላንቀሳቀሰውም። ነገ ጠዋት ጎረቤቴ ጋ ሄጄ ይህንኑ እነግረዋለሁ።